ምርጡን ማሳረፍና ተጠባባቂውን ማሰለፍ

በስፖርት ዓለም ዘወትር የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፤ አንድ አሠልጣኝ ምርጥ ተጫዋቾቹን በደኅና ሳሉ አሳርፎ በምትካቸው ተጠባባቂዎቹን ቢያሰልፍ ደግ ሠራ ይባላልን? ወይስ ተጋጣሚውን ናቀ፤ ተመልካቹንም አታለለ ይባላል? በእኛም ዘንድ የትምህርት ክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር በደረሰ ቍጥር ይህ ክርክር ከመመገቢያ አዳራሽ እስከ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። አንዱ «ለዋንጫው ቀን እስኪደርስ ድረስ እገሌን አታድክሙት» ሲል፤ ሌላው «የመጣነው እሱን ለማየት አይደለምን?» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ሰው አለ፤ እሱም ተጠባባቂው ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከእሱ በኩል ሆነን ልንመረምረው አስበናል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

፩፤ «ማሳረፍ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ ቃል በክርክር ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሲያመለክት እንሰማለን። አንደኛው፤ የታመመ ወይም የተጎዳ ተጫዋች እስኪያገግም ድረስ ከጨዋታ ማስቀረት ነው። በዚህ ላይ የሚከራከር ሰው የለም። ሁለተኛው፤ ጤነኛውን ምርጥ ተጫዋች ለሚቀጥለው ከባድ ጨዋታ ኀይሉን እንዲያጠራቅም ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው፤ ጨዋታውን አስቀድሞ እንደ ተሸነፉት ወይም እንደማይጠቅም ቈጥሮ ለማሸነፍ የማይችል ቡድን እያወቁ ወደ ሜዳ መላክ ነው። የመጀመሪያው ሕክምና ነው፤ ሁለተኛው ዘዴ ነው፤ ሦስተኛው ግን ማዳከም ነው።

ችግሩ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከውጭ ሲታዩ መመሳሰላቸው ነው። በሁለቱም ጊዜ ተመልካቹ የሚያየው ታዋቂው ተጫዋች በወንበር ላይ ተቀምጦ፤ ማልያውን ሌላ ሰው ለብሶት ነው። እንግዲህ ሁለቱን የምንለይበት መመዘኛ ያስፈልገናል።

ክርክሩ በእኛ ዘመን የበረታበት ምክንያትም አለ። በቀድሞ ጊዜ ቡድን ማለት በሜዳ ላይ የቆሙት ሰዎች ማለት ነበር። በእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው በ1970 ሲሆን፤ ያን ጊዜ 2 ሰው ብቻ ነበር፤ ዛሬ 5 ሆኗል። በራግቢም በአገር ለአገር ግጥሚያ የተጎዳን ሰው መተካት የተፈቀደው በ1968 ነው፤ ያልተጎዳውን በዘዴ መቀየር ደግሞ ከ1996 ወዲህ የመጣ ነው። ዛሬ የራግቢ አሠልጣኝ 15 ሰው አሰልፎ 8 ሰው በተጠባባቂነት ያስቀምጣል። ጨዋታውም በዝቷል፤ ክለቡም አገሩም ተጫዋቹን እኩል ይፈልጉታል። ስለዚህ «ማን ይጫወት?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ማን ይረፍ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ የሚሄድ ሆነ።

፪፤ ከራግቢ የምናገኘው ትምህርት

ራግቢ በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ ጨዋታ ስለ ሆነ ጥቂት ማብራሪያ ያሻዋል። በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው፤ በእጅ ተይዞ ይሮጥበታል፤ በእጅ የሚቀበለው ጓደኛ ግን ምንጊዜም ከኋላ መሆን አለበት። ኳስ የያዘውን ሰው ተጋጣሚው በአካሉ ተጠምጥሞ ይጥለዋል። ጨዋታው 80 ደቂቃ ይፈጃል። የገና ጨዋታችን ሲጋጋል ያየ ሰው የግፊያውን ነገር ለመገመት አይቸገርም። በእንዲህ ያለ ጨዋታ አንድ ሰው በየሳምንቱ ዓመት ሙሉ ቢሰለፍ አካሉ እንደማይችለው ግልጽ ነው። ስለ ማሳረፍ የሚደረገው ክርክር ከሁሉ ይልቅ በራግቢ የጠነከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1998 የእንግሊዝ ቡድን ወደ አውስትራልያ፤ ወደ ኒውዚላንድና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጓዘ። ከታወቁት ተጫዋቾች ብዙዎቹ በጉዳትና በዕረፍት ምክንያት ስለ ቀሩ፤ ጕዞውን ያደረጉት በአብዛኛው ልምድ የሌላቸው ወጣቶች ነበሩ። በብሪዝበን ከተማ አውስትራልያ 76 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ከዚያም በኒውዚላንድ 64 ለ 22 እና 40 ለ 10፤ በደቡብ አፍሪካ 18 ለ 0 ተሸነፉ። አራት ግጥሚያ አድርገው አራቱንም ተረቱ ማለት ነው። አስተናጋጆቹ አውስትራልያውያንም ተጋጣሚ ብለው የጠበቁት ቡድን ባለ መምጣቱ ቅሬታቸውን በግልጽ አሰሙ።

ይሁን እንጂ የዚህ ታሪክ መጨረሻ ሌላ ነው። በዚያ ጕዞ ከተሸነፉት መካከል ጆኒ ዊልኪንሰን የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ነበረ። እሱ ከ5 ዓመት በኋላ በ2003 በሲድኒ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በተጨማሪው ሰዓት ኳሷን መትቶ እንግሊዝን 20 ለ 17 አሸናፊ አደረጋት። የ1998ቱን ቡድን በአምበልነት የመራው ማት ዳውሰንም በዚያ ፍጻሜ ተሰልፎ ነበር። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰዎች «ያ ሽንፈት ትምህርት ቤት ነበር» ይላሉ። እኛ ግን ይህን አባባል በጥንቃቄ እንድናየው ያስፈልጋል እንላለን። ከዚያ ትምህርት ቤት ተመርቀው የወጡትን ስንቈጥር፤ በዚያው ቀርተው ከዚያ ወዲህ ለአገራቸው እምብዛም ያልተጫወቱትንም መቍጠር ይገባናል። ጥቂቶች ስለ በረቱ ሁሉም በሚገባ ተይዘው ነበር ማለት አይቻልም።

በ2025 ደግሞ የፈረንሳይ ቡድን ወደ ኒውዚላንድ ሄደ። የፈረንሳይ ክለቦች የዋንጫ ፍጻሜ የተደረገው በጁን 28 ሲሆን፤ የመጀመሪያው የአገር ለአገር ግጥሚያ በጁላይ 5 ነበር። በዓመቱ ብዙ የተጫወቱት ሰዎች እንዲያርፉ በፌዴሬሽኑና በክለቦቹ ማኅበር መካከል ስምምነት ስላለ፤ አሠልጣኙ ፋቢያን ጋልቲዬ ብዙ አዳዲስ ልጆች ይዞ ሄደ። ኒውዚላንዳውያን ትኬት ገዝተው የጠበቁት ታላቁን የፈረንሳይ ቡድን ስለ ነበር ተነጫነጩ። በውጤቱም ፈረንሳይ 31 ለ 27፤ 43 ለ 17 እና 29 ለ 19 ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች።

የሁለቱን ጕዞ ውጤት ጐን ለጐን አድርገን እንመልከት። 76 ለ 0 እና 31 ለ 27 በጣም የተራራቁ ናቸው። ሁለቱም «የተዳከመ» የተባለ ቡድን ናቸው፤ ሁለቱም በባዕድ ሜዳ ተጫውተዋል። ልዩነቱን በአንድ ምክንያት ብቻ ለመግለጽ ባይቻልም፤ አንዱ ታላቅ ምክንያት ይታየናል። የ2025ቱ የፈረንሳይ ወጣቶች ከዓለም ብርቱ ከሆኑት የክለብ ውድድሮች በአንዱ ውስጥ ከታላላቆቹ ጋር እየተቀያየሩ ሲጫወቱ ከርመው ነበር። ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ነበሩ እንጂ ያልተዘጋጁ ሰዎች አልነበሩም። ከዚህ የምንረዳው፤ ስም አለመታወቅና አለመዘጋጀት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

፫፤ ስለ ድካም የተጠና ነገር

አሠልጣኝ ተጫዋቹን «ደከመህን?» ብሎ ቢጠይቀው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «አልደከመኝም» የሚል ነው። መጫወት የሚወድ ወጣት ድካሙን አይናገርም። በዐይን መመልከትም አይበቃም። በ2010 በታተመ አንድ ጥናት፤ የአንድ ትልቅ የአውሮፓ ክለብ እግር ኳስ ተጫዋቾች በሳምንት 1 ጊዜ ሲጫወቱና 2 ጊዜ ሲጫወቱ ተነጻጽረው ነበር። የሮጡት ርቀትም ሆነ በፍጥነት የሮጡት መጠን አልቀነሰም። የጉዳቱ ብዛት ግን በ1,000 ሰዓት ከ4.1 ወደ 25.6 ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይህም ከ6 እጥፍ በላይ ማለት ነው። እንግዲህ ያልደከመ የሚመስለው ሰው እንደ ልማዱ ይሮጣል፤ ጅማቱ ግን ሊበጠስ ቀርቧል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ጡንቻ በጨዋታ ጊዜ የሚያቃጥለው ግላይኮጅን የተባለ ስንቅ አለው። ይህ ስንቅ ከአንድ ብርቱ ጨዋታ በኋላ ተመልሶ እስኪሞላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በቂ ምግብና እንቅልፍ ካልተገኘ ደግሞ ይዘገያል። በጡንቻው ውስጥ የደረሰው ጥቃቅን ጉዳትም የሚጠገነው በዚሁ ጊዜ ነው። በ2015 በራግቢ የዓለም ዋንጫ የጃፓን ቡድን ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። ነገር ግን ከ4 ቀን በኋላ ስኮትላንድን ሲገጥም 45 ለ 10 ተሸነፈ። ስኮትላንድ በበኩሏ ያ የመጀመሪያ ጨዋታዋ ስለ ነበረ ትኩስ ኀይል ይዛ ነበር የቀረበችው። በ2023ቱ ውድድር በሁለት ጨዋታ መካከል ቢያንስ የ5 ቀን ዕረፍት እንዲኖር የተወሰነው እንዲህ ያለውን ያልተስተካከለ ነገር ለማረም ነው።

በጭንቅላት ላይ የሚደርስ ጉዳት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ራሱን ተመቶ የተደናገጠ፤ ዐይኑ የደፈረሰበት ወይም ውጤቱን ያልሰማ ተጫዋች ወዲያው ከሜዳ መውጣት አለበት፤ በዚያን ቀንም አይመለስም። ይህ ለአሠልጣኙ ምርጫ የሚተው ነገር አይደለም።

፬፤ የሚበደለው ማን ነው?

ምርጡ ሲያርፍ ሊበደሉ የሚችሉ አራት ወገኖች አሉ። ተመልካቹ የከፈለው ወይም የተጓዘው ለማየት ነው። ተጋጣሚው ድሉ ቢቀልበትም ክብሩ ይቀንስበታል። ሦስተኛው ወገን በዚያ ሜዳ ላይ የሌለ ግን በሰንጠረዡ ላይ ያለ ሌላ ቡድን ነው፤ አንተ ደካማ ቡድን ልከህ ነጥብ ለባላጋራው ብትሰጥ የሚወድቀው እሱ ነው። አራተኛው ተጠባባቂው ራሱ ነው፤ ሳይዘጋጅ ተገፍቶ ገብቶ ሲሸነፍ «አይችልም» የሚል ስም ይወጣለታል።

እንግሊዞች ይህን በሕግ ለመቈጣጠር ሞክረዋል። በዲሴምበር 2009 የዎልቨርሃምፕተን እግር ኳስ ቡድን ማንቸስተር ዩናይትድን ሲገጥም 10 ተጫዋች ለውጦ ቀረበና 3 ለ 0 ተሸነፈ። ዐሳቡ ለሚቀጥለው ከበርንሊ ጋር ለሚደረገው ጨዋታ ምርጦቹን ለማቈየት ነበር፤ በርንሊንም 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም ከሊጉ ሳይወርድ ቀረ። ሊጉ ግን 25,000 ፓውንድ በገደብ ቀጣው። በሚቀጥለው ዓመት ብላክፑል እንደዚሁ 10 ሰው ለውጦ አስቶን ቪላን ገጠመ። ጨዋታው በ3 ለ 2 ሽንፈት ቢያልቅም ተጠባባቂዎቹ እስከ መጨረሻው ታግለው ነበር፤ ሆኖም ክለቡ 25,000 ፓውንድ ከመክፈል አልዳነም። አሠልጣኙ ኢያን ሆሎዌይ በቅጣቱ ክፉኛ ተቈጣ።

ሁለቱ ጉዳዮች የሕጉን ድክመት ያሳያሉ። ዳኛው የተለወጡትን ሰዎች ቍጥር ሊቈጥር ይችላል፤ የገቡት ሰዎች ምን ያህል እንደ ተዘጋጁ ግን በቍጥር ሊያውቅ አይችልም። በ1 ግብ ብቻ የተሸነፈ ቡድን ተዳክሞ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ይህ ነገር በአብዛኛው ለአሠልጣኙ ሕሊና የሚተው ሆኖ ይገኛል።

፭፤ በአገራችን የሆነው

ስለ ሌሎች ይህን ካልን ዘንድ ወደ ቤታችን እንመለስ። በጁን 2022 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ግቦቹን ያስቈጠሩት ዳዋ ሁቴሳና ሽመልስ በቀለ ነበሩ። ጨዋታው በእኛ ሜዳ የሚቈጠር ቢሆንም የባሕር ዳር ስታዲየም ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ ስለ ታገደ የተደረገው በማላዊ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ግብጾች ያን ቀን መሐመድ ሳላሕን አላሰለፉም፤ ተጎድቶ ነበርና። ይህ ሰው ከ12 ቀን በፊት በፓሪስ ለክለቡ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ተጫውቷል፤ ከ4 ቀን በፊት ደግሞ ለአገሩ ከጊኒ ጋር ተጫውቷል። ብዙ ሰው «ሳላሕ ቢኖር ኖሮ» አለ። እኛ ግን ድሉ ድል ነው እንላለን፤ የተገኘውን ተጋጣሚ ማሸነፍ እንጂ የተጋጣሚን ቡድን መምረጥ የእኛ ሥራ አይደለም። ግብጾች አሠልጣኛቸውን በዚያው ወር አሰናበቱ፤ ይሁን እንጂ በመጨረሻ ከምድቡ አንደኛ ሆነው ያለፉት እነሱ ናቸው፤ እኛ አላለፍንም። አንድን ጨዋታ ባማረ ሁኔታ ማሸነፍና ረጅም ውድድርን በብዙ ሰው ኀይል መዝለቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

ሌላው የሚያስተምረን ቻን የተባለው የአፍሪካ ውድድር ነው። በዚህ ውድድር የሚሰለፉት በየአገራቸው ሊግ ውስጥ የሚጫወቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ምርጦቹ በውጭ አገር ለሚጫወቱላቸው ብዙ አገሮች ይህ ሁለተኛ ቡድናቸው ማለት ነው። የእኛ ብሔራዊ ቡድን ግን አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ የሚኖሩት በአገር ውስጥ ስለ ሆነ፤ ለሌላው ሁለተኛ የሆነው ለእኛ ከሞላ ጐደል አንደኛው ነው። በ2014፤ በ2016 እና በ2023 በተደረጉት ውድድሮች ተካፍለን ሦስቱንም ጊዜ ከምድብ ሳናልፍ ተመለስን፤ በ2014ቱ አንድም ግብ አላስቈጠርንም። እንግዲህ ምርጡን ማሳረፍ ይገባል አይገባም ብሎ ለመከራከርም በመጀመሪያ የሚተካ ሰው ሊኖር ያስፈልጋል። ማሳረፍ ብዙ ሰው ያዘጋጀ አገር የሚያገኘው ጥቅም ነው።

ብዙ ሰው ያዘጋጀንበት መስክ ግን አለን፤ እሱም ሩጫ ነው። በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ከተመረጡት መካከል በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ነበረ። ጉዳት ስለ ደረሰበት ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። ታምራትም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አመጣ። ዓለም «ተጠባባቂው አሸነፈ» ብሎ ተደነቀ፤ ነገር ግን ይህ ተጠባባቂ በ2022 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፤ በ2023 ኒውዮርክን ያሸነፈ ሰው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ተጠባባቂ የሆነው ከሌሎቹ ያነሰ ሯጭ ስለ ሆነ ሳይሆን አገሩ ማሰለፍ የምትችለው 3 ሰው ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ከዚህም አስቀድሞ በ1968 በሜክሲኮ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ጀመረና 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ግን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረ። የአበበ ስም ታላቅ ነበር፤ ወርቁን ያዳነው ግን ከአጠገቡ የተዘጋጀ ሌላ ሰው መኖሩ ነው።

ሳያርፉ መሮጥስ? በዚያው በፓሪስ ኦሊምፒክ ጉዳፍ ፀጋይ በ1,500፤ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ተመዝግባ ከኦገስት 2 እስከ 10 ድረስ 6 ጊዜ ሮጠች። ይህች ሯጭ በ2023 የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረች፤ በዚያው ዓመት በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ናት። ሆኖም በ5,000 ሜትር 9ኛ፤ በ10,000 ሜትር 6ኛ፤ በ1,500 ሜትር 12ኛ ሆና ያለ ሜዳልያ ተመለሰች። በእርግጥ በኢትዮጵያ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በዚያው ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነሐስ፤ በማራቶን ወርቅ አግኝታለች፤ ጥሩነሽ ዲባባም በ2008 በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አምጥታለች። ስለዚህ «ከአንድ በላይ መሮጥ ክልክል ነው» የሚል ሕግ ማውጣት አይቻልም። ነገር ግን ብዙ ብርቱ ሯጮች ባሉባት አገር ሦስት ቦታ ለአንድ ሰው መስጠት ሁለት ዐይነት ኪሳራ ሊያመጣ ይችላል፤ የምትሮጠውን ያደክማል፤ የምትጠባበቀውን ያስቀራል።

፮፤ በወልድያ፤ በመርሳና በሀብሩ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ በውርጌሳ፤ በመርሳና በሲሪንቃ በኩል ያለፈ ሰው በበጋ ወራት ከቀትር በኋላ በየሜዳው ኳስ ሲመታ ሳያይ አያልፍም። ወልድያ ራሷ ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም በ2017 አስመርቃለች፤ የከተማዋ ቡድንም በዚያን ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ይጫወት ነበር። ያን ጊዜ ቡድኑ አርባ ምንጭን ለመግጠም በመንገድ ቢጓዝ መሄጃው ብቻ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ተጉዞ በሳምንቱ ተመልሶ ለመጫወት 11 ሰው እንደማይበቃ ለማንም ግልጽ ነው።

በትንንሾቹ ውድድሮች የምናየው ግን ሌላ ነው። አንድ ጐበዝ ልጅ ከተገኘ ለክፍሉ ይጫወታል፤ ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል፤ ለቀበሌው ይጫወታል፤ ለወረዳውም ይጠራል። በገጠር ከሆነ ደግሞ ጧት አባቱን በእርሻ ሲረዳ አርፍዶ፤ ቀትር ላይ በእግሩ ተጕዞ፤ በዐሥር ሰዓት ሜዳ ይገባል። «አልደከመኝም» ይላል፤ ሁላችንም እናምነዋለን። ጕልበቱ በ19 ዓመቱ የተበላሸበትን ወጣት በየሰፈራችን እናውቃለን፤ የሚያክመውም በቅርብ አይገኝም። በዚያው ልክ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ማልያ ለብሶ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይጫወት የቀረ ልጅ ከመስመር ውጭ ቆሞ የጓደኞቹን ልብስ ሲጠብቅ እናያለን። የሁለቱም ጉዳት ምንጩ አንድ ነው።

የሀብሩ ገበሬ ይህን ነገር ከማናችንም አስቀድሞ ያውቀዋል። ወይፈን ሲያለማምድ ሁለት ወይፈን በአንድ ቀንበር አይጠምድም፤ ቢጠምድ ትልሙ ይበላሻል፤ ሞፈሩ ይሰበራል። ወይፈኑን ከለመደው በሬ ጋር ያጣምደዋል፤ መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓት በለስላሳ መሬት ያርስበታል፤ ከዚያም እያስረዘመ ይሄዳል። ደግሞም አሮጌው በሬ እስኪወድቅ ድረስ አይጠብቅም፤ በሬው ገና ብርቱ ሳለ ነው ወይፈኑን የሚያስተምርበት። በ1998 የሄደው የእንግሊዝ ቡድን በአብዛኛው ወይፈን ከወይፈን ጋር የተጠመደበት ነበር። ከላይ የፈለግነውን መመዘኛም እዚህ ላይ እናገኘዋለን። ተጠባባቂው አስቀድሞ ከምርጦቹ ጋር እየተጠመደ የሠለጠነ እንደ ሆነ፤ ምርጡን ማሳረፍ ዘዴ ነው፤ ማንንም አይበድልም። ተጠባባቂው በዚያ ቀን ብቻ የታወሰ እንደ ሆነ ግን ማሳረፉ ማዳከም ነው፤ አራቱንም ወገኖች ይበድላል።

፯፤ ለቡድኖቻችን የምናቀርበው ምክር

ከዚህ ትምህርት በመነሣት በየትምህርት ክፍሉ ቡድን ለሚመሩ ጓደኞቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ቡድኑ አንድ ደብተር ይኑረው። ማን ስንት ደቂቃ እንደ ተጫወተ፤ ማን እንደ ተጎዳ፤ ማን ቢጫ ካርድ እንዳየ ይጻፍበት። በ2013 ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋናን 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ፤ በሁለት ቢጫ ካርድ ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያገኘውን 3 ነጥብ ተነጥቋል። ሕግ ራሱ ያሳረፈውን ሰው አለማስታወስ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

2ኛ፤ በ3 ቀን ውስጥ ሁለት ጨዋታ ካለ፤ ከባድ የሮጠ ሰው ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አይጫወት።

3ኛ፤ በአንድ ጊዜ ከ3 ወይም ከ4 ሰው በላይ አይለወጥ። በረኛው፤ የመካከል ተከላካዩና የመካከሉ አቀባይ ሦስቱም በአንድ ቀን አይረፉ።

4ኛ፤ ተጠባባቂው ሳምንቱን ሙሉ ከዋናዎቹ ጋር ይለማመድ። ቀላል በሚባለው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ሳይሆን ውጤቱ ገና ባልታወቀበት ጊዜ ይግባ።

5ኛ፤ የሚያርፈው ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገር። ተመልካች የሚቈጣው በማረፉ ብቻ አይደለም፤ በመደበቁም ነው።

6ኛ፤ ውጤቱ ሦስተኛ ቡድንን የሚያወርድ ወይም የሚያሳልፍ በሚሆንበት በመጨረሻው ቀን ጨዋታ፤ ቡድኑ ያለውን ኀይል ሁሉ ያሰልፍ። ለራስ የማይጠቅም ጨዋታ ለሌላው ዕጣው ሊሆን ይችላልና።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህን ሁሉ ብናደርግ ዋንጫው ያመልጠናል» ይሉ ይሆናል። ምናልባት ለአንድ ዓመት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የትምህርት ክፍል ቡድን በየዓመቱ ተመራቂዎቹን የሚሸኝ ቡድን ነው። ዘንድሮ ምርጥ የሆኑት በሚቀጥለው ዓመት በመካከላችን አይገኙም፤ ማልያውን የሚወርሱት ዛሬ ወንበር ላይ ያሉት ናቸው። ዘንድሮ ያላጫወትናቸውን ሰዎች በሚመጣው ዓመት «ለምን አልቻላችሁም?» ብለን ልንወቅሳቸው አንችልም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ፤ አንድ ቡድን ማለፉን አስቀድሞ ካረጋገጠ በኋላ በመጨረሻው ጨዋታ ምርጦቹን ቢያሳርፍ፤ ሊወድቅ ለሚችለው ሦስተኛ ቡድን ምን መልስ ይሰጣል?

ለ፤ ተጫዋቹ ራሱ ማረፍ አልፈልግም ቢል የመጨረሻው ቃል የማን መሆን አለበት?

ሐ፤ በክፍላችሁ ቡድን ውስጥ ባለፈው ዓመት አንድም ደቂቃ ያልተጫወቱት ስንት ናቸው? ለምንስ አልተጫወቱም?

እነዚህን ጥያቄዎች በየመኝታ ቤታችሁ ተወያይታችሁባቸው፤ ዐሳባችሁን ለዚህ መጽሔት እንድትጽፉልን በትሕትና እንጠይቃለን።